የእትዬ ፈንታነሽ አምፖል

ጄኔሬተሩ እንደገና አቃሰተ። ዳገት ላይ እንደ ተያዘ ባጃጅ ድምፁን ወፍራም አድርጎ አጉረመረመና ቀስ በቀስ ረጋ። ውብአለም የፈተና ደብተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ምን ሰካሽ?» አለች እናቷ ጥሩወርቅ ከጓዳ።

«ምንም አልሰካሁም፣ እማ።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«ጠፍቷል።»

ጥሩወርቅ ብቅ አለች። ከትናንት ጀምሮ ከጓዳ ወጣች ማለት አይቻልም። እዚያ የጫጩት መፈልፈያው ሳጥን አለ። እንቁላሎቹ ቀናቸውን ጨርሰው፣ አንዳንዶቹ ከውስጥ ሲነቆሩ ይሰማል። ጫጩቶቹን ሊወስዱ ከአንበሳሜ ድረስ የሚመጡ ሴቶች አሉ። ሳጥኑ ሙቀት ካጣ ግን የሰኔ ብርድ ይገባና ያ ሁሉ ድካም ከነቅርፊቱ ይቀራል።

መብራት የጠፋው ትናንት ነው። ከጉና በኩል የመጣው ነፋስ አንድ ባሕር ዛፍ ጥሎ፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሽቦውን በጥሶታል። ከተበጠሰው ሽቦ ወዲህ የቀሩት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ የእነ ውብአለም፣ የጎረቤታቸው የእትዬ ፈንታነሽ፣ እና ባለቤቱ ይፋግ ሄዶ የተዘጋ አንድ ቤት።

«እኛ ሳንሰካ ሞተሩን የሚጫነው ማን ነው ታዲያ?» ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አየች። ከዚያ የልጇን ትከሻ ያዘች። «እስኪ ወዲያ እዪ።»

ሰማዩ ጠቁሯል። በእትዬ ፈንታነሽ በረንዳ ላይ አምፖል በርቷል።

«መስመር ጠልፋብናለች» አለች ጥሩወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እማ!»

«ምን እማ ትይኛለሽ? ሽቦው ተበጥሶ መሬት ላይ ነው። የእሷ አምፖል በምን በራ? በጸሎት?»

እትዬ ፈንታነሽ ውብአለምን ክርስትና ያነሱ ሴት ናቸው። ከጥሩወርቅ ጋር አበልጅ ይባባላሉ፤ የማርያምን ጽዋ አብረው ይጠጣሉ። ባለፈው ወር ግን የጄኔሬተሩ ጭስ በመስኮት ገባብኝ ብለው ተናግረው ነበር። ጄኔሬተሩ ወደ ጓሮ ተዛወረ፤ ቅሬታው ግን እዚያው ቀረ።

«ሂጂና አጥሩን ሥር ሥሩን እዪ» አለች ጥሩወርቅ። «ሽቦ ካገኘሽ እንዳትነኪው። እኔን ጥሪኝ።»

ውብአለም ጎንበስ ብላ በአጥሩ ሥር ሄደች። የዶሮ ላባና አንድ የተቀደደ ጫማ አገኘች። ሽቦ የለም። ወደ እትዬ ፈንታነሽ ቤት የሚገባው ሽቦ ያው የድሮው፣ ከምሰሶው የሚመጣው ብቻ ነው።

«ምን ጠፋሽ፣ ልጄ?»

ውብአለም ደነገጠች። እትዬ ፈንታነሽ ከአጥሩ ማዶ ቆመው በቅጠሉ መሃል ያዩዋታል።

«ኳስ፣ እትዬ።»

«ኳስ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ኳስ የጀመርሽው?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ያንን ነገር ለምን ታንጓጓዋለች? መብራት እኮ ከመጣ ቆየ!»

«አንቱ ቤት መጣ?»

«አምፖሉን አታዪም? ሲለው ቦግ፣ ሲለው ፈዘዝ ይላል እንጂ አለ። እኔማ ሳይሄድብኝ ብዬ ትልቁን ድስት ውሃ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጥጃለሁ። እናንተ ቤንዚን እንደ ጠላ በእንስራ የጠመቃችሁ ትመስላላችሁ።»

ውብአለም አልሳቀችም። ፊታቸውን አየች። የሚደብቅ ሰው አምፖሉን በረንዳ ላይ አብርቶ ኑና እዩልኝ አይልም። ደግሞስ መብራቱ መጣ ቢባል፣ የተበጠሰውን ሽቦ በምን ዘሎ መጣ?

ወደ መታጠፊያው አየች። የሽቦው ጫፍ ከምሰሶው ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው እንዳይረግጠው የሰፈሩ ሰዎች ዙሪያውን እሾህ ከምረውበታል። በዚህ ጊዜ ከጓሮ ጄኔሬተሩ አቃሰተ፤ የእትዬ ፈንታነሽ አምፖልም በዚያው ቅጽበት ፈዘዝ አለ።

ያኔ ነው ባለፈው ሳምንት ያየችው ነገር ትዝ ያላት።

ታላቅ ወንድሟ ይርጋ ቴክኒክ ኮሌጅ ይማራል። ከፋሲካ በኋላ ግድግዳው ላይ ባለ እጀታ ሳጥን ተክሎ ነበር፤ እሱ ቼንጅ ኦቨር ይለዋል፣ እናታቸው ማቀያየሪያ ትለዋለች። ጥሩወርቅ የማኅበሯን ሴቶች ጠርታ፣ ጠበል አስረጭታ አስመርቃዋለች። ይርጋም እንደ መምህር ቆሞ አስረዳ።

«አንድ ቤት ለሁለት ጌታ አይገዛም። ወይ የከተማው መስመር፣ ወይ ሞተሩ። ሁለቱ ከተገናኙ የእኛ ሞተር ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ መንገድ ይወጣል። እዚያ ሽቦ የሚጠግን ሰው ካለ ይገድለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እጀታው መሃል፣ ዜሮ ላይ። ሞተሩን አስነስታችሁ ይሙቅ። ከዚያ እጀታው ወደ ታች። መብራት ሲመጣ ደግሞ ዜሮ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ዜሮ ላይ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም።»

ያን ዕለት እልልታውን የጀመሩት እትዬ ፈንታነሽ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ግን ውብአለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጀታው ወደ ታች እንደ ወረደ ተረስቶ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል። ሬዲዮው ግን በከተማው መብራት መዝሙር ያሰማል። ለይርጋ ስትነግረው ዘሎ እጀታውን ወደ ላይ መለሰና «ዕቃ አትነካኪ!» አላት። ከዚያ በኋላ አላሰበችበትም። አሁን አሰበችበት። መግባት የሌለበት ከገባ፣ መውጣት የሌለበትም ይወጣል።

ይርጋን ጓሮ አገኘችው። የቤንዚን ጀሪካን ይዞ ሊወጣ ነው።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አለችው።

«የቱ ሳጥን?»

«ባለ እጀታው።»

«ቼንጅ ኦቨር አለበታ። ሙድ ልትይዢብኝ ነው?»

«እትዬ ፈንታነሽ ቤት መብራት አለ።»

«ታዲያ ደስ ይበላቸው።»

«የእኛ ሞተር ሲያቃስት የእሳቸው አምፖል ይፈዛል። ከእኛ ነው የሚሄደው፤ በምሰሶው በኩል።»

ይርጋ ወደ ጓዳው መስኮት አየ። ክንዷን ይዞ ወደ አጥሩ ጠጋ አደረጋት። «ቀስ በይ፣ በናትሽ! ተቃጥሏል። ስሞክረው አንዱን ብሎን ሳላጠብቅ ቀርቼ ውስጡ ተቃጠለ። በማግስቱ እማ ሰው ጠርታ ነበር። ጠበሉ ሳይቀር መጥቷል። ምን ልበላት? ሽቦዎቹን ከጀርባ በቀጥታ አጣመርኳቸው።»

«እጀታውስ?»

«ዝም ብሎ ቋ ይላል።»

«ቆጣሪው ሥር የነበረው አሮጌው ማብሪያስ?»

«እሱንማ ነቅዬ ጣልኩት።»

«ስለዚህ የሚዘጋው ነገር የለም።»

«አታካብጂ! ቅዳሜ አዲሱን አስገባለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። በዚህ ዝናብ የመብራት ሠራተኞች አይመጡም። ለእማ እንዳትነግሪ። ማርያምን በዪ።»

ውብአለም ክንዷን ከእጁ አላቀቀች።

«ውቤ! ኮሌጁንም ታስተወኛለች። በዪ እንጂ።»

«ማርያምን፣ አልነግርም» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ከበዳት።

ይርጋ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ውብአለም ወደ አጥር በሩ ሮጣ አየች። መታጠፊያው ላይ መሰላል የጫነ መኪና ቆሟል። ጋሼ ደሳለኝ ወገባቸውን በቀበቶ ታጥቀው ሊወጡ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ ምሰሶ ላይ ሆነው መቀለድ ይወዳሉ።

«ወግዱ፣ እናንተ!» አሉ ለተሰበሰቡት ልጆች። «ከትራንስፎርመሩ ዘግቼዋለሁ፤ ሬሳ ነው። ቢሆንም ወግዱ፣ ሬሳም ይከበራል።»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ ደሳለኝ መውጣት ጀመሩ። ሬሳ ነው ያሉት ሽቦ ግን በዚህች ሰዓት የእትዬ ፈንታነሽን ድስት እያፈላ ነበር።

«ውብአለም!» ስትል እናቷ ከጓዳ ጮኸች። ድምጿ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «አንዱ አፉን አወጣ! ሞተሩ እንዳይጠፋ ጠብቂልኝ!»

ውብአለም ወደ ጓሮ ሮጠች። ማጥፊያውን ስትጫነው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተናነቀና ዝም አለ። የዝናቡ ጠብታ በቆርቆሮው ላይ ተሰማ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ «ውይ! ሄደ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ወደ ቤት ገብታ የማቀያየሪያውን እጀታ መሃል ላይ አቆመችው። ከአልጋው ላይ ሁለት ጋቢ አንስታ የመፈልፈያውን ሳጥን አለበሰችው። እናቷ ከጎኑ ተንበርክካለች።

«ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጫጩቶቼን ልትፈጂያቸው ነው?»

«ጋሼ ደሳለኝ ምሰሶ ላይ ናቸው፣ እማ።»

«ቢሆኑስ? ማቀያየሪያ አለን አይደል? ወንድምሽ ስንት የደከመበት!»

ውብአለም የጋቢውን ጫፍ በሳጥኑ ሥር ወተፈችው። ጥሩወርቅ ሞተሩን ራሷ ልታስነሳ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ዓይኗ በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ።

«ጠፋ» አለች በቀስታ። «አምፖሏ ጠፋ። አየሽው? ከእኛ ጋር እኩል ጠፋ! ልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት! ደግሞ ማኅበር ላይ እጄን ይዛ ‘አበልጄ’ ትለኛለች። የመብራት ሠራተኞቹ እዚሁ ሳሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምጠይቃት።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አጥር በሩ ተራመደች። በሩን ልትከፍት ስትል ይርጋ ጀሪካኑን ይዞ ገባ። የእናቱን ፊት አየ፤ የሞተሩን ዝምታ ሰማ።

«ምን ሆናችኋል?»

«አበልጄ መስመር ጠልፋ ተገኘች። ልሂድ፣ አሳልፈኝ።»

ይርጋ እህቱን አያት። ዓይኖቹ ተማጸኗት። «እማ… ተያቸው ባክሽ» አለ በደካማ ድምፅ። «ነገ ብትጠይቂያቸው…»

«ነገማ ሽቦውን ትደብቀዋለች!»

ይርጋ አንገቱን ደፍቶ ከበሩ ዘወር አለ፤ እናቱን አሳለፋት። ከውሸቱ ይልቅ ውብአለምን ያቃጠላት ይሄ ነው።

አልነግርም ብላ ምላለች። አልነገረችም።

«እማ፣ ትንሽ ጠብቂ» አለች። «ጋሼ ደሳለኝ ሊጨርሱ ነው።»

«ምን ልጠብቅ?»

«መብራቱን። እጀታውን ዜሮ ላይ አድርጌዋለሁ። ዜሮ ላይ ከሆነ ቤታችን ምንም አይገባም፤ ይርጋ ነው በጠበሉ ቀን ያለው። መብራት ሲመጣ የእኛን አምፖል እንየው። ከዚያ ሂጂ።»

ጥሩወርቅ የበሩን መወርወሪያ እንደ ያዘች ዞረች። ልጇን አየች፤ ቀጥሎ በተከፈተው በር እጀታውን፤ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጇን። ይርጋ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጧል።

«ካልመጣ እሷ ሌባ ናት» አለች ጥሩወርቅ። «ከመጣስ?»



«ይመጣል» አለ ይርጋ።

«ዜሮ ላይ እያለ?»

«ዜሮ ላይ እያለ። የእኔ ነው፣ እማ። ያላጠበቅሁት ብሎን ነው። እሳቸው ምንም አያውቁም።»

ጥሩወርቅ ልትናገር ስትል በሩ ከውጭ ተንኳኳ። ስላልከፈተች ውብአለም አልፋት ሄዳ ከፈተችው። እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ከዝናቡ ራሳቸው ላይ ጥለው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን አቅፈው ቆመዋል። ከጀሪካኑ አፍ እንፋሎት ይወጣል።

«እናንተም ጠፋባችሁ አይደል?» አሉ። «ሞተሩ ዝም ሲል ጫጩቶቹ ትዝ አሉኝ። መብራቱ ሳይሄድብኝ ያፈላሁት ነው። ሳጥኑ ጎን አድርጊው፣ አበልጄ፤ ሙቀት ይሰጣቸዋል።»

ጥሩወርቅ ጀሪካኑን አየችው። ያፈላው የማን ቤንዚን እንደ ሆነ ገብቷታል። በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ግቢ፣ አበልጄ» አለች። ድምጿ ሻክሯል። «ዝናቡ ይመታሻል። የምነግርሽም ነገር አለኝ።»

ከመታጠፊያው ጋሼ ደሳለኝ «ተለቀቀ!» ብለው ጮኹ። ቤት ውስጥ አምፖሉ ቦግ አለ። እጀታው መሃል ላይ እንደ ቆመ ነው። ይርጋ ወደ አምፖሉ ቀና አላለም።

ውብአለም ወደ ጓሮ ዞረች። ከጄኔሬተሩ ወደ ማቀያየሪያው የሚሄደውን ገመድ መጀመሪያ ከግድግዳው፣ ከዚያ ከሞተሩ ነቀለችው፤ የነዳጁንም መክፈቻ ዘጋች። ከጓዳ አንድ ቀጭን የጫጩት ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ገመዱን ጠቅልላ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው። ማቀያየሪያው ተከፍቶ፣ ውስጡ አዲስ ዕቃ ገብቶ፣ እጀታው ዜሮ ላይ ሲቆም ቤቱ በእርግጥ ሲጨልም በዓይኗ እስክታይ ድረስ ለማንም አትሰጠውም።