"የትምወርቅ ልጅ" የሚባለው ዋይፋይ

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም። እኔው ላይ ነው የደረሰው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ መካነ ሰላም ይምጣና ላፕቶፑን ላሳየው፤ ጀርባው ተከፍቶ አልጋዬ ስር ተቀምጧል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ የለም፣ ሌሊት የለም። ጉም ብቻ... ክረምት ላይ እኛ አገር ጉሙ ሲወርድ የጎረቤት አጥር እንኳን አይታይም።

እኔና እማዬ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በሩ ክፍት ነው። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ነው።

"ተሠራ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀረው እማዬ።"

ውሸቴን ነው። እንዲሠራ አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሀይማኖት ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የእማዬን ዓይን ሞራ ጋርዶት የስልክ ስክሪን አልታያት ሲል፣ "በትልቁ ትየኝ" ብላ ያገለገለ ላፕቶፕ በሰው ላከችልን። ዊንዶውሱ ተቆልፎ መጣ። እኔም ደፋር ነኝ፣ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁትና ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት።

ሁሉም ነገር ሠራ። የስልኬን ሆትስፖት የሚቀበልበት ዋይፋይ ብቻ እምቢ አለ። "የዋይፋይ ካርድ አልተገኘም" ይላል።

ሊኑክስ የነካካ ሰው ያውቀዋል፣ ይሄ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ካርድ ድራይቨሩ፣ ማለት የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለብቻው ካልወረደለት አይነሳም። ስልክህን በኬብል ትሰካለህ፣ በስልኩ ኢንተርኔት ድራይቨሩን ታወርዳለህ፣ አለቀ። ቅዳሜ እሠራዋለሁ ብዬ ለእማዬ ቃል ገባሁ።

ሐሙስ ዕለት አጎቴ ጋሼ ካሳ መናኸሪያው ጋ ጠርተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ሀይማኖት አርፋለች" አሉኝ።

አብራት የምትኖረው ኡምኩልሱም ናት የደወለችላቸው። ታማ ነው። እዚያው ተቀብራለች።

ጋሼ ክንዴን ጨምቀው ያዙኝ።

"እንዳታለቅስ። ሰው እያየን ነው።"

"እማዬስ ጋሼ?"

"ብቻዋን አትሰማም። እህቶቿ ከአቀስታ ይምጡ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን። እስከዚያ ያንን ኮምፒውተርህን እንዳታስነሳው።"

ገባኝ። ጓደኞቿ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። ዋይፋዩ ከሠራ እማዬ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እናት የልጇን መርዶ ዘመድ ሳይከባት ከሰማች፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የማይሽር ቁስል ነው።

ስለዚህ ኬብሉን ደብቄ፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የማይረባ ነገር ስጽፍ ዋልኩ።

እማዬ ደግሞ የምታወራው ስለ እሷ ነው።

"ከስታ እንደሆነ ልያት ብዬ ነው እንጂ እኔማ ድምጿም ይበቃኝ ነበር" አለች። ነጠላዋን ሳብ አደረገችና፣ "ሰዉ ግን ምን ሆኗል? ሰሞኑን ስለ ሀይማኖት የሚጠይቀኝ ጠፋ።"

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ መጻፌን ቀጠልኩ።

ያኔ ነው... ስክሪኑ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት ብቅ ያለው።

ድራይቨር አልጫንኩም። ኬብል አልሰካሁም።

ነካሁት። እኛ ሰፈር ዋይፋይ ያለው ሰው የለም፤ የእኔም ስልክ ሆትስፖት ጠፍቷል። ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ስም ነበር።

"የትምወርቅ ልጅ"።

የትምወርቅ የእማዬ ስም ነው። ሀይማኖት የስልኳን ሆትስፖት የሰየመችው እንደዚያ ብላ ነው። ለፋሲካ መጥታ የሰነበተች ጊዜ እያበራችልኝ በስልኬ እጠቀም ነበር። ይሄ ላፕቶፕ ግን ያኔ ቤታችን አልነበረም።

ምልክቱ አንድ መስመር ነው። ስልኩ ሩቅ ነው ማለት ነው።

ጣቴን ሳላነሳ... "ተገናኝቷል" አለ። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም።

ሁለት መስመር ሆነ።

እኔ ከተቀመጥኩበት አልተንቀሳቀስኩም። መስመሩ ከጨመረ... ወደኛ እየቀረበ ያለው ስልኩ ነው።

ውሻችን ላለፈ ላገደመው ሁሉ ይጮሃል። ያን ቀን ግን አልጮኸም። ከተኛበት ተነሳና ጅራቱን እየቆላ ወደ አጥሩ በር ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ... ከሰው ጎን ጎን እንደሚሄደው እየሄደ።

ከጉሙ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ሦስት።

"እማዬ... በሩን ልዝጋው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ተወው።"

"ይበርዳል እኮ።"

"ተወው አልኩህ።"

እማዬ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። በእኔና በእሷ መሃል ቦታ ለቀቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እዚያ ላይ አነጠፈችው።

"ጠጋ በይ" አለች።

ለእኔ አይደለም።

አራት። ሞላ።

በዚያ በኩል ያለው ክንዴ ቀዘቀዘ። ዞሬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። እማዬ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ቆየች። ከዚያ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

"እማዬ... ምን ሆንሽ?"

"ዝም በል። እየነገረችኝ ነው።"

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ጊዜ ሳየው መስመሩ ሦስት ሆኗል። ከዚያ ሁለት...

"ተነሥና ሸኛት እንጂ" አለችኝ እማዬ።

አልተነሳሁም። ፈራሁ። የገዛ እህቴን ፈራኋት። አንድ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ስትሄድ አየር ማረፊያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን እስከ አጥሩ በር እንኳን አልሸኘኋትም።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ካሳና አክስቶቼ መጡ። እማዬ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ ነው ያገኟት። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደመቻቸው።

"ደክማችኋል፣ ግቡ። ራሷ ነግራኛለች።"

አክስቶቼ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጋሼ ግን እኔን ነው ያዩት። ምስጢሩን ያወጣው እሱ ነው ብለው እስከ ዛሬ በቅጡ አያናግሩኝም።

ከሰዓት በኋላ ኡምኩልሱም ልታጽናናን ደወለች። እማዬ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማተቧስ?"

ሀይማኖት ልትሄድ ስትል ከጥቁርና ከሰማያዊ ክር ገምዳ አንገቷ ላይ ያሰረችላት ራሷ እማዬ ነበረች።

"አብሽሩ እትዬ የትምወርቅ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ወላሂ አልፈታሁትም። እንዳሰሩላት አብሯት ተቀብሯል።"

"ተመስገን" አለች እማዬ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ፎቶዋን በትልቁ ልየው አለችኝ። ያን ጊዜ የምሬን ተቀመጥኩ። ስልኬን በኬብል ሰካሁ፣ ድራይቨሩን አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ አጥፍቼ አስነሳሁ።

"የዋይፋይ ካርድ አልተገኘም።"

ያልሞከርኩት ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ካርዱ ላልቶ ይሆናል ብዬ በመፍቻ ጀርባውን ከፈትኩት።

ካርድ የለውም።

ላፕቶፑ ሳይሸጥ በፊት አንድ ሰው አውጥቶታል መሰለኝ። የአንቴናዎቹ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከምንም ሳይያያዙ ተንጠልጥለዋል።

የካርዱ ቦታ ላይ ግን የተጠቀለለ ክር አለ። ጥቁርና ሰማያዊ።

እማዬ ማተብ ስታስር ሁለቴ ነው የምትቋጥረው። ቋጠሮው አልተፈታም።

ክሩ እኛ አገር የሌለ ቀይ አሸዋ ይዟል።