በጸበል የዛገ ጣራ

መቼም የጋራዥ ሰው ወሬ አያልቅበትም፣ ይሄኛው መኪና ሰው ገጭቶ ስለነበር ሌሊት ያቃስታል፣ የዚያኛው ጡሩንባ ባለቤቱ በሞተ ቀን ማንም ሳይነካው ጮኸ ሲሉኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ላሜራ ቀጥቅጬ ልጆች ያሳደግኩ ባቲላሜራ ስለሆንኩ ከድምፅ ሁሉ ኋላ አንድ የላላ ብሎን እንዳለ አውቃለሁ፣ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ጨለማና ጅብ እንዳትጠብቁ፣ የእኔ ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከጀሞ ወደ ፉሪ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለችው በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዤ ውስጥ፣ ውጭ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ሲጣራ ነው። ወላሂ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ጊዜው የካቲት ነበር፣ ዝናብ ካየን ወራት አልፎናል። ጋሽ ወርቁ ያንን አልጋ ያለውን አሮጌ መኪናቸውን እያዘገሙ ገቡ። ጋሽ ወርቁ በጎልማሳነታቸው ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ የሐና ማርያም ሰፈር ሾፌር ናቸው፣ መኪናውን ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው የገዙት፣ ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ እኔ ሳስበው የአንዳንዳችንን ቤት ያስንቃል።

«ከድር ልጄ፣ ጣራውን ዝገት በልቶታል» አሉኝ ገና ሳይወርዱ። ቀጥለው ስለ ታመሙት ባለቤታቸው ነገሩኝ። «አስካለ መቀመጥ አቅቷታል። ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዳት አሉኝ። እሷ ደግሞ የአባቴ አገር ጸበል ሳልደርስ አልሞትም ብላለች። በተኛችበት የሚወስዳት ይሄ ብቻ ነው፣ መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ ጣራው መሃል መንገድ ላይ ተነቅሎ እንዳያዋርደኝ።»

«አራት ቀን ይስጡኝ ጋሽ ወርቁ» አልኳቸው። አራት ቀን! አፌን በቆረጠው።

የእኛ ሙያ ከዓይን በፊት ጆሮ ነው፣ ላሜራውን በጣት አንጓ ታንኳኳዋለህ፣ ጤነኛው ይጮኻል፣ ዝገት የበላው ይታፈናል። ዙሪያውን አንኳኳሁ፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ከአልጋው ራስጌ በላይ ጣራውና ግድግዳው የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ብቻ፣ የአንድ ክንድ ያህል፣ ድምፁ ጠፋ። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው፣ የበላው ከውስጥ ነው። ይሄ ደግሞ ገረመኝ፣ ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው እንጂ ከአልጋ አይነሳም።

«እዚህ ውስጥ ውሃ ትረጫላችሁ እንዴ?»

ጋሽ ወርቁ ወደ አልጋው ራስጌ አዩ። «አስካለ ናት። በየወሩ በሃያ አንድ ከማርያም ጸበል ታመጣና ከራስጌዬ በላይ ትረጫለች፣ መንገድ ላይ ይጠብቀው ብላ። ከተኛች ወዲህ ግን፣ ይኸው ስምንት ወሯ፣ ማንም አልረጨም።»

ሳቄ አመለጠኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። «እንግዲያውስ ጣራውን የበላው ጸበሉ ነዋ!» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«እንዳትነግራት» አሉኝ ክንዴን ይዘው። «ስትጠብቀኝ የኖረች ነው የሚመስላት። ደግሞም ጠብቃኛለች።»

በመጀመሪያው ቀን የውስጡን ልባስ ነቀልኩ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ ላሜራ በየድኩ፣ ቀሪውን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ የዝገት መከላከያውን ቀብቼ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስመጣ በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ወጥቷል፣ በጣቴ ስነካው እርጥብ ነው። ቀለም ቀቢዬ ዳንኤል በእርጥብ እጁ ነክቶብኝ ነው ብዬ ጮህኩበት፣ እሱም በሚያምነው ሁሉ እየማለ ካደ፣ እንደገና ፍቄ እንደገና ቀባሁ። በነጋታው ያው ነው። ጤዛ ይሆን ብዬ የሌሎቹን መኪኖች ጣራ ሁሉ ዳበስኩ፣ እንደ ቆሎ የደረቁ ናቸው። የጎረቤት የውሃ ታንከር ይሆን ብዬ አጥር ላይ ወጣሁ፣ የጎረቤቱ ታንከር ራሱ ውሃ ካየ ሳምንቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ በርከክ ብዬ ስፍቅ ድምፁን ሰማሁት። ጠብ። ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ። የሚወርድ ነገር አይታየኝም። ባዶ የቀለም ጣሳ አመጣሁና ከመጋጠሚያው ሥር አስቀመጥኩ፣ አሁን ድምፁ ጣሳው ውስጥ ያስተጋባል፣ ጠብ ይላል፣ እጄን እከታለሁ፣ ጣሳው ደረቅ ነው። እመኑኝ፣ አሥር ጊዜ ከትቻለሁ።

«ዳኒ፣ ይሰማሃል?»

አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አዳመጠ። «ይሰማኛል» አለና ብሩሹን አነሳ። «እኔ ዛሬ በውጭ በኩል ብሠራ ይሻለኛል።» ከዚያ ወዲያ እግሩን እዚያ መኪና ውስጥ አላስገባም።

እኔ ግን ወዴት እሄዳለሁ? ሥራው የእኔ ነው። ቁጭ ብዬ በጠብታዎቹ መሃል ያለውን ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ፣ እኩል እኩል ነው፣ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። ስንት የተጨማደደ መኪና ሰው ያስመሰልኩበት እጄ አንድ ክንድ ዝገት ፊት ምንም ሊሠራ አልቻለም፣ ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ በዚያ ቀን አልቅሻለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ጋሽ ወርቁ ደወሉ። «ዝገቱ ይቅር ልጄ፣ ጣራው ከተበየደ ይበቃኛል፣ ዛሬ ልውሰደው፣ አላማረችኝም።»

እሺ ማለት ነበረብኝ። ብየዳው ጠንካራ ነው፣ ጣራው የትም አይሄድም። ግን በዚያ ዝገት ተሸንፌ መኪናውን ላስወጣ? እልህ ያዘኝ። «ከዝገት ጋር መኪና አስወጥቼ አላውቅም፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፣ ነገ ከሰዓት ቀብቼ አስረክብዎታለሁ» አልኳቸው። «ቆይ፣ እሷ ታናግርህ» ብለው ስልኩን ለባለቤታቸው ሰጡ።

እትዬ አስካለን ከዚያ በፊት በስልክ አናግሬያቸው አላውቅም። «ከድር ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ከሩቅ ነው፣ «ደረቀልህ?»

ስለ እርጥበቱ ለማንም አልተናገርኩም፣ ጋሽ ወርቁም የሚያውቁት ስለ ዝገቱ ብቻ ነው፣ ከዳንኤልና ከእኔ ሌላ ያየው የለም። «ገና ነው እትዬ አስካለ» አልኩ እንደምንም።

«ተመስገን» አሉ። «እንግዲያው ሳይደርቅ ውሰደኝ በለው። እኔን ትቃዣለች እያለ ነው፣ አንተን ይሰማሃል።»

ከዚያ ዝም ብለው ተነፈሱ፣ እኔም አልጋው ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርና ሁለቱንም ሰማሁ፣ በስልኩ ትንፋሻቸው፣ በጣሳው ጠብታው። አንድ ላይ። እሳቸው ሲተነፍሱ፣ ጠብ። ቆየት ሲሉ እሱም ቆየት ይላል። ስልኩ ወደ ጋሽ ወርቁ ሲመለስ ልነግራቸው ነበር፣ አላህ ያውቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ብዬ? በጸበል መሳቄን ትቼ አሁን ጣራዎ ይተነፍሳል ልበላቸው? «ነገ ከሰዓት» አልኳቸውና ዘጋሁት።

በአምስተኛው ቀን መጋጠሚያውን በጋዝ እሳት አሞቅሁት፣ ብረቱ ሰማያዊ እስኪመስል አሞቅሁት፣ ትኩሱ ላይ መከላከያ፣ መከላከያው ላይ ስቱኮ፣ ስቱኮው ላይ ነጭ ቀለም። ጠብታው እየራቀ ሄደ። ጠብ ይልና እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ጠብ ይልና እስከ ሃምሳ እቆጥራለሁ። ከዚያ መቶ ቆጠርኩ፣ ሁለት መቶ ቆጠርኩ፣ አልመጣም። በጣት አንጓዬ አንኳኳሁት፣ እንደ ደወል ጮኸ። ያኔ ምን እንደተሰማኝ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ፣ አሸነፍኩት ብዬ ከአልጋው ዘልዬ ወርጄ ስልኬን አወጣሁ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

«ጋሽ ወርቁ፣ ደረቀ! መጥተው እትዬ አስካለን ይውሰዷቸው!» አልኩ ስልኩ ከመነሳቱ።

በስልኩ የሴቶች ጩኸት ይሰማል፣ እየበዛ እየበዛ ሄደ፣ እኔም «ደረቀ» ያልኩበት አፌ ተከፍቶ ቀረ።

ቀብሩ ላይ ከሌሎቹ የሰፈሩ ሙስሊሞች ጋር ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። ጋሽ ወርቁ ሲወጡ ሰው ሁሉ ደግፏቸዋል፣ እኔን ሲያዩ ግን ቆሙ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠጋ ብለው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደረቀው?» አሉኝ።

«አመሻሹ ላይ» አልኩ። ዋሸሁ። እሳቸው የደወልኩበትን ሰዓት ያውቁታል፣ ማወቃቸውንም አውቃለሁ፣ ግን ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

መኪናውን አልወሰዱትም፣ «አንተ ጋ ይቀመጥ» ብለው ላኩብኝ። ክረምቱ በላዩ ላይ አለፈ፣ በረዶ ወረደበት፣ በጋራዤ ያለ ቆርቆሮ ሁሉ ሲያፈስ ያቺ አንድ ክንድ መጋጠሚያ ግን አልረጠበችም፣ ነጥብ ዝገት አልወጣባትም። በሙያዬ እነግራችኋለሁ፣ እንዲህ የሚይዝ ቀለም የለም። ጣሳውን ከሥሯ አላነሳሁትም፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ገብቼ አልጋው ላይ እቀመጥና አዳምጣለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዝገት ሳባርር የኖርኩ ሰው አሁን እባክህ አንዲት ጠብታ እያልኩ እለምናለሁ።

ጋሽ ወርቁ በየወሩ በሃያ አንድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣሉ። በእጃቸው ጸበል የያዘ ጠርሙስ አለ፣ ግን አይረጩትም፣ ከእኔ ጎን አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጣሳውን ያዩታል፣ ሁለታችንም እናዳምጣለን። ሲነሱ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚጠይቁኝ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልከኝ ልጄ?»

«አመሻሹ ላይ ጋሽ ወርቁ።»