በግራ ክንፍ ሥር

የአቦይ ዘሚካኤል አስከሬን የተገኘው ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ባለው ግቢያቸው፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሲሠሩ በሚውሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። በጀርባቸው ተንጋለዋል። የኋላ ራሳቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በታሰረው የብረት ሞርሳ ተመትቶ ደማቸው ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ወንበር ቆሟል፤ አጠገቡ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል ተዋጊ ጄት፣ ጎማውን አጥፎ በሽቦ ማቆሚያ ላይ የሚበር መስሎ ተቀምጧል። ሆዱ ላይ ያለው ግራጫ ቀለም ገና እርጥብ ነበር።

ቀድሞ የደረሰው መኮንን ጉዳዩን በአሥር ደቂቃ ዘግቶታል።

«ቀለሙ አልደረቀም። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው» አለ። «ዕቃ ሊያወርዱ ወንበር ላይ ወጡ፣ ወደቁ። ሽማግሌ ናቸው።»

«ሽማግሌ ናቸው» የምትለዋ ቃል የኢንስፔክተር ኣስካልን ደም አፈላችው። ኣስካል የገዛ ወንድሟን ሞት የተረዳችው በቅርቡ ጦርነት ማግሥት በመጣች አንዲት መስመር ወረቀት ነው፤ የፈራሚው ስም እንኳ አይነበብም። ከዚያ ወዲህ የችኮላ መደምደሚያ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ጎንበስ ብላ የወንበሩን መቀመጫ አየች። እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚበነው ዱቄት መቀመጫውን እንደ በሶ ሸፍኖታል። የጫማ ዳና ቀርቶ የጣት ምልክት አልነበረበትም።

«እዚህ ወንበር ላይ ማንም አልወጣም» አለችው ረዳቷን ሳጅን ሳሊህን። «ያልወጣ ሰው ደግሞ አይወድቅም። ገፍትሯቸው ሲያበቃ ወንበሩን ያቆመ ሰው አለ።»

ከዓይደር ሆስፒታል የመጣው ሐኪም ሬሳውን መርምሮ ሟቹ ያለፉት በዋዜማው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ተናገረ። መኮንኑ ታዲያ ቀለሙ እንዴት እስካሁን ሳይደርቅ ቆየ ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ ስለ ቀለም አላውቅም አለ። ኣስካል ግን ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

በሩ አልተሰበረም፣ የተሰረቀም ዕቃ የለም። ጎረቤቶች እንደመሰከሩት ወደዚያች ክፍል የሚዘልቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አንደኛዋ አስከሬኑን ያገኘችው መምህርት ሉላ ነበረች። አባቷ ሻምበል ሓየሎም በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሲሞቱ እሷ የአራት ወር ጨቅላ ነበረች። አቦይ ዘሚካኤል ያን አውሮፕላን ይጠግኑ ከነበሩት ቴክኒሻኖች አንዱ ናቸው። የፊታችን እሁድ በሚውለው ሙት ዓመት ላይ እንድታቆመው አምሳያውን የሠሩላት በእንጨትና በቆርቆሮ፣ ስምንት ወር ሙሉ ለፍተው ነው።

ጎረቤት ማክሰኞ ዕለት ስትጮኽባቸው ሰምቷል። ሉላም አልካደችም።

«አባቴን ሰካራም ሲሏቸው ነው ያደግሁት» አለች በቁጣ። «ጠጥተው ነው የከሰከሱት ተባለ። አቦይ ዘሚካኤልን አንድ ንጹሕ ነገር እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ጭራሽ አቆሸሹት።»

እውነቷን ነው፣ ቆሽሿል። አቦይ ዘሚካኤል በመኪና ስፕሬይ አሳምረው የቀቡትን ግራጫ ቀለም መልሰው አስረጅተውታል። የመድፉ አፍ በከሰል ጥቀርሻ ጠቁሯል። የቴክኒሻን ጫማ የሚያርፍበት የክንፉ ላይኛ ገጽ በስፖንጅ ቁራጭ ተነካክቶ የተላጠ መስሏል። ጀርባው የበረሃ አቧራ ለብሷል። ሉላ ስትቆጣቸው የመለሱላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያልቆሸሸ አውሮፕላን ያልበረረ ነው፤ እስከ እሁድ ታገሺኝ። ሆዱን አይታው እንደሆነ ኣስካል ጠየቀቻት። ማክሰኞ ላዩን ብቻ እንዳየች፣ በንዴት ወጥታም የከተማው አስታራቂ ሽማግሌ አቦይ ገብረጻድቅ ዘንድ እንደሄደች፣ «አቆሸሹብኝ፣ ይምከሩልኝ» ብላ እንደለመነቻቸው ነገረቻት።

ከዚያም ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ደብዳቤ አወጣች። ለእናቷ የተጻፈ ነው። አውሮፕላኑ አንዳች ጉድለት እንዳልነበረበት የቴክኒክ ኃላፊው መርምረው በፊርማቸው አረጋግጠዋል ይላል። የቴክኒክ ኃላፊው ስም ገብረጻድቅ ነው።

ሁለተኛው ሰው ቀለም ሻጩ ነስረዲን ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ሱቁ ከሟቹ ግቢ ሁለት በር ላይ። የክፍሏ መለዋወጫ ቁልፍ በእጁ ነበር። ክፍሏን ለመጋዘን ስጡኝ ብሎ እምቢ ስላሉት ወር ሙሉ ተኳርፈው ከርመዋል። ረቡዕ የት ዋልክ ሲባል ከሱቁ እንዳልወጣ ተናገረ፤ ደንበኞቹም መሰከሩለት። በምሳ ሰዓት ብቻ ብቅ ብሎ አንድ ቱቦ ቡናማ የዘይት ቀለም አድርሶላቸዋል።

«ቀድሞ ቡናማ ነበራቸው?»

«ኧረ አልነበራቸውም። ግራጫና ጥቁር የዘይት ቀለም ብቻ ነው የነበራቸው። አሁኑኑ አምጣልኝ፣ የመጨረሻው ሥራ ነው አሉኝ። ኩርፊያችንም በዚያው ቀረ።»

«ይኸ የዘይት ቀለም በስንት ጊዜ ይደርቃል?»

«ስፕሬይ በደቂቃዎች ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ እመቤቴ። የቸኮለ ሰው አይገዛውም።»

የመኮንኑ የሐሙስ ጠዋት ግምት እዚያው ላይ ፈረሰ። ኣስካል ልትወጣ ስትል በዚህ ሳምንት ቀለም ማስለቀቂያ ቲነር የገዛ ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አንድ አናጢ ገዝቷል። ሐሙስ በማለዳ ደግሞ አቦይ ገብረጻድቅ ኮቴን ቀለም ነካብኝ ብለው ግማሽ ጠርሙስ ወስደዋል።

ኣስካል ወደ ክፍሏ ተመልሳ አውሮፕላኑን ገለበጠችው። እርጥቡ ግራጫ ከግራ ክንፍ ሥር መዳፍ የምታህል ቦታ ሸፍኗል። ከዙሪያው ስፕሬይ ጋር አይመሳሰልም፤ ያብለጨልጫል። በአጉሊ መነጽር ስታይ፣ ቆርቆሮዎቹ በሚጋጠሙበት ቀጭን መስመር ውስጥ፣ ጨርቅ ያልደረሰበት ቡናማ ቀለም ቀርቷል። ከክንፉ ሥር ተነሥቶ ወደ ጭራው ይሄዳል፤ በሚበር አውሮፕላን ላይ ነፋስ ዘይትን ወደ ኋላ እንደሚጎትተው። አቦይ ዘሚካኤል ረቡዕ ከምሳ በኋላ የሚያንጠባጥብ ዘይት ሥለዋል። ሌላ ሰው ጠርጎ አጥፍቶታል።

ያኔ ደብዳቤው ትዝ አላት፤ ንዴቷም አቅጣጫ አገኘ።

ሦስተኛው ሰው፣ አቦይ ገብረጻድቅ፣ ዓርብ ዕለት በረንዳቸው ላይ ተቀበሏት። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ከተማው ለዕርቅ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ሐሙስ ጠዋት ሽምግልና ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። ሉላ እንዲመክሩላት እንደለመነቻቸው አመኑ፤ ነገር ግን ጊዜ አጥተው አልሄዱም። አምሳያውን ያዩት ከወር በፊት፣ ገና እንጨት ሳለ ነው።

ኣስካል በትሕትና፣ አውሮፕላኑ ላይ አንድ እድፍ ስላገኘን የሙያ ሰው ሐሳብ ፈልጌ ነው አለች።

«ይህ ደግሞ ምን ይደንቃል፣ ልጄ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ከግራ ክንፍ ሥር ትንሽ ዘይት ቢታይ፣ አውሮፕላን እንደ ሰው ያልበዋል። ሞቱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

አመስግናቸው ወጣች። መኪናው ውስጥ እንደገባች አለቃዋ ደወሉላት፤ ሽማግሌውን በአክብሮት እንድትይዛቸው፣ ከተማውም እንደሚያከብራቸው አሳሰቧት። ስልኩን ዘግታ ሳሊህን ቀለም የነካውን የሽማግሌውን ኮት ፈልጎ እንዲያመጣ ላከችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሉላ በሩ አጠገብ ቆመች። ነስረዲን ግድግዳውን ተደገፈ። አቦይ ገብረጻድቅ ለክብራቸው በመጣላቸው ወንበር ተቀምጠው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ኣስካል በመጀመሪያ ወንበሩ ላይ ማንም እንዳልወጣ ዱቄቱን አሳየቻቸው። ቀጥላ ሞቱ ረቡዕ እንደሆነ፣ የዘይት ቀለምም ለቀናት እንደማይደርቅ አስረዳች። ከዚያ አውሮፕላኑን ገልብጣ ያዘችው።

«የገደለው ሰው ይህችን ቦታ ብቻ ጠረገ፤ ከዚያም ቀባት» አለች። «አምሳያውን ይዞ ቢሄድ ሉላ ትጠይቃለች። ቢተወው ደግሞ እድፉ ይናገራል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ባገኘው ግራጫ ሸፈነው። ነስረዲን ቢሆን ኖሮ ስፕሬይን በዘይት ቀለም አይጠግንም ነበር፤ ማብለጭለጩ ያጋልጠዋል። ሥራው ነው፣ ያውቃል። ሉላ ብትሆን ደግሞ የምትጠርገው የጠላችውን ነበር፤ ጥቀርሻውን፣ አቧራውን። እነሱን የነካቸው የለም። የጠፋችው ሉላ አይታት የማታውቅ እድፍ ናት።»

ኣስካል ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አቦይ ገብረጻድቅ፣ ትናንት እድፍ አገኘን ብቻ ነው ያልኩዎት። የዘይት ነው አላልኩም። በግራ ክንፍ ነው አላልኩም። ቡናማው ቀለም እዚህ ክፍል የገባው ረቡዕ በምሳ ሰዓት ነው፤ ሟቹ ሲገኙ ደግሞ እድፉ ተሸፍኖ ነበር። እርስዎ የት አዩት?»

ሽማግሌው አልደነገጡም። እንዲያውም ተቆጡ።

«ከአምሳያው ነው ያለሽ ማነው?» አሉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው። «እኔ እዚያ ነበርኩ። ከራሱ ከአውሮፕላኑ ላይ ነው ያየሁት፣ ያን ዕለት ጠዋት፣ በገዛ ዓይኔ።»

የተናገሩት ነገር ለራሳቸው የገባቸው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። ሉላ ከበሩ አጠገብ ቀስ ብላ መጣች።

«ዘይቱ ሲፈስ አይተውታል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ።

«አይተውታል» አለች ኣስካል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። «አይተው አንዳች ጉድለት የለበትም ብለው ፈረሙ። ሻምበሉ በረሩ። ዘይቱ አልቆ መሪው በአየር ላይ አልታዘዝ ሲል ደግሞ ጠጥተው ነበር ተባለ። አሁን ሁለት መንገድ አለዎት። እድፉን ከአምሳያው ካዩት ረቡዕ እዚህ ነበሩ። ከአውሮፕላኑ ካዩት አርባ ሰባት ዓመት ዋሽተዋል። እኔ ግን እንዲመርጡ አልተውዎትም። ሳሊህ፣ ኮቱን አምጣው።»

ኮቱ የተገኘው ልብስ ንጽህና ቤት፣ ገና ሳይታጠብ ነው። በቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ቲነሩ አደብዝዞት እንጂ አላጠፋውም፣ ግራጫና ቡናማ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ነስረዲን ጠጋ ብሎ አየውና የእኔ ቱቦ ነው ሲል አረጋገጠ።

አቦይ ገብረጻድቅ ያን ጊዜ ከዘራቸውን አስቀምጠው መናገር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳሊህ ቃል በቃል ጻፈው። በ1970 ያን ጠዋት ዘሚካኤል ዘይቱን አይተው በቅጹ ላይ መዝግበውት ነበር። ገብረጻድቅ ግን አውሮፕላን ሳይበር ቀረ ከተባለ ለራሳቸው ፈርተው ቅጹን ቀደዱ፣ ሌላ ንጹሕ ቅጽ ፈረሙ፣ ወጣቱንም ትንፍሽ ብትል ትረሸናለህ አሉት። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ ሉላ ሊያማልዱ ሲመጡ ዘሚካኤል አንድም ቃል ሳይናገሩ አምሳያውን ገልብጠው አሳዩዋቸው። እሁድ በሕዝብ ፊት እንዲህ ገልብጬ አሳያታለሁ አሉ። ገብረጻድቅ ለመኑ። ዘሚካኤል ሳቁባቸው። ያን ጊዜ ገብረጻድቅ ገፈተሯቸው።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ። ስሜን አትርፉልኝ።»

«ሻምበል ሓየሎም ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር» አለች ኣስካል። «ስማቸውን ማን አተረፈላቸው?»

የከተማው ሽማግሌ እጃቸው በካቴና ታስሮ ኮረብታውን ወረዱ። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደወሉላት፤ አላነሣችም።

ከሰዓት በኋላ ሉላን እናቷ ወዳሉበት ዓዲ ሓቂ ሰፈር አደረሰቻት። እናትየው እማ ዘቢብ የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። ሉላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ኣስካል ያለቅሳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እማ ዘቢብ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

«ገብረጻድቅስ ገብረጻድቅ ነው» አሉ። «ዘሚካኤል ግን ያውቅ ነበር። የሚረሽነው መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመን ሆነው? በየፋሲካው እዚህ ቤት መጥቶ ከገበታዬ በልቷል። ልጄ የሰካራም ልጅ ስትባል እየሰማ ጉርሻዬን ዋጠ። ለምን ዝም አለኝ?»

ኣስካል በሦስት ቀን ምርመራዋ ይህን ጥያቄ ለራሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችም፤ የሟቹ ቁጣ የእሷን ቁጣ ስለመሰላት ብቻ ንጹሕ አድርጋቸው ነበር። ፈርተው ይሆናል ብላ ጀመረችና ተወችው። ሉላም መሬት መሬት አየች።

እማ ዘቢብ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ነገ ካህናቱ የሁለቱንም የክርስትና ስም ይጥሩ፤ የሓየሎምንም የእሱንም» አሉ። «መጨረሻ ላይ ተናግሯል፣ ሞቶበታልም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን የዘሚካኤል መቃብር ላይ አድርሱኝ። የምጣላበት ነገር አለኝ።»