የእጅ ጀርባ

«ልጅሽን ሽማግሌዎቹ ከመውሰዳቸው በፊት እጇ ሞቃት ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?»

መርማሪዋ ሳቭሳን ከወፍጮ ቤቱ በቀጥታ ወደ ጉልሲፋት ነበር የመጣችው። የመንደሩ ሰው ናዛርዶድ ትናንት እዚያ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ከሰል ሆኖ ተገኝቷል። በመንደሩ እሳት የሚተፋው ዘንዶ አንድ ብቻ ነው፤ የልጇ የዛርኒጎር ባልንጀራ ኦሎቭ። ሰው የገደለ ዘንዶ ደግሞ ከነባልንጀራው ከተራራው ማዶ ይሰደዳል። በክረምት ከማዶ የተመለሰ የለም።

«ዘንዶ ሲተፋ ሙቀቱን የሚወስደው ከባልንጀራው ገላ ነው» አለች ሳቭሳን። «ምድጃ ሲያሞቅ ብርዱ ቶሎ ያልፋል፤ ሰው የሚያከስል እሳት ሲሆን ግን የባልንጀራው እጅ ለቀናት እንደ በረዶ ይሆናል። ልጅሽን ግን የበረዶ ማከማቻ ውስጥ ቆልፈዋታል፤ እዚያ የማንም እጅ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው አንቺን የምጠይቀው።»

«አልነካኋትም፣ እትዬ። ማታ ‹ብርዱ ሳይገድልሽ ከተማ ወርደሽ ተማሪ› ብያት ተጣላን። ጠዋት ለሰላምታ እጇን ሳልስም ወጣሁ።»

«የናዛርዶድ ወንድምም ዘንዶ አለው አሉ።»

«ሙቢንሾ? የእሱማ ዘንዶ አርጅታ እሳቷ ጠፋ። የመንደሩን ምድጃ ማሞቅ ሁሉ በልጄ ላይ ወደቀ።»

«መጥፋቱን ማን አየ?»

«እሱ ነዋ የነገረን።»

ሳቭሳን ጣቷን አሳየቻት። በጥላሸት ጠቁሯል። «ከወፍጮው ጣሪያ ነው። የትናንት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተደራረበ ነው።»

ሁለቱ ሲደርሱ የናዛርዶድ ለቅሶ ቤት ሞልቷል። ከውጭ የኦሎቭ ሲቃ ይሰማል። ሙቢንሾ ምድጃው ሥር ተቀምጦ የወተት ሻዩን በሁለት መዳፉ አቅፏል።

«ጠጣው እንጂ፤ ታቅፈህ ልታሳድገው ነው?» አሉት አንድ ሽማግሌ። ማንም አልሳቀም።

«ፈጣሪ ያጽናህ» አለች ሳቭሳን፣ እጇን ዘርግታ። በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። የእጁን ጀርባ ሳመችና ሳትለቀው ዞረች። «ጉልሲፋት፣ ነይ ሳሚው።»

ጉልሲፋት ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ውርጭ ያደረበት ብረት የነካ ያህል ተጣበቀ።

«መዳፉን በሻይ አሙቋል» አለች ሳቭሳን። «እኛ ግን ለሰላምታ የምንሳሳመው የእጅ ጀርባ ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ከማን ጋር ተሳሳመ?»

«ከማንም» አሉ ሽማግሌው።

«ሐዘን ነው ብላችሁ አለፋችሁት። ምድጃ ሥር ተቀምጦ ግን እንዲህ የሚቀዘቅዝ፣ ዘንዶው ተፍታ ሙቀቱን የወሰደችበት ሰው ብቻ ነው። እሳቷ አልጠፋም። የምድጃችሁን ብርድ ላለመሸከም ደበቀው። እሳት ደግሞ ታፍኖ አይኖርም፤ ሲሞላባት ወፍጮ ቤት እየወሰደ ያስተፋት ነበር። ጥላሸቱ የዚያ ነው። ናዛርዶድ እዚያው ደረሰባቸው።»

ሙቢንሾ ሻዩን አስቀመጠ። «አትናገርብኝ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። እናንተ ቂጣችሁን ትበላላችሁ፤ ያ ብርድ አጥንት ውስጥ ሲገባ የት ታውቁታላችሁ?»

ጉልሲፋት ታውቀው ነበር፤ በየክረምቱ ልጇ ስትንቀጠቀጥ አይታለች።

የማከማቻው በር ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ዛርኒጎርን ከበቧት። «ልጄ፣ ምድጃዎቹ ቀዝቅዘዋል» አሉ።

«እኔም ቀዝቅዣለሁ፣ አባቴ» አለች። ከዚያ እናቷን ፈልጋ እጇን ሳመች። ጉልሲፋትም የልጇን እጅ ሳመች፤ ቶሎም አልለቀቀችውም።

ሙቢንሾ ከአሮጊቷ ዘንዶው ጋር ወደ ማዶ ሄደ። ዛርኒጎር በኦሎቭ ጀርባ ለትምህርት ወደ ከተማ ወረደች። ጉልሲፋት ከቀዘቀዙት ምድጃዎች ጋር ቀረች።