ኧረ እኔ ምን ሠርቼ!

«እንዴ! ጭራሽ ራቀችኝ እኮ!»

ወንዳወቅ ቁልፉን እንደገና ተጫነው። ኮምፒውተሩ ላይ፣ ጌሙ ውስጥ፣ የጠፈር መንኮራኩሯ እሳት ተፋች። ከፊቷ በዚያው ምሕዋር የምትዞረው ጣቢያ ላይ ልትደርስ ሲገባት፣ ወደ ላይ ከፍ እያለች ወደ ኋላ ቀረች።

ሉባባ ቦርሳዋን እንዳቀፈች የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ታያለች። ግድ የሌላት መስላለች እንጂ አንጀቷ አሯል።

«ሉቢ፣ በናትሽ ነይ አሳዪኝ። ውድድሩ ነገ ነው እኮ! ባሕር ዳር፣ ዳኞች ፊት ሁለቱን ማገናኘት አለብኝ።»

«የሠራት ሰው አይጠፋውም» አለችው።

መንኮራኩሯንም ጌሙንም የሠራችው እሷ ነበረች። አጎቷ አብዱሰመድ ከቡሬ ባመጣላት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ክረምቱን ሙሉ የአባቷ ጨርቅ ሱቅ ጥግ ተቀምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሮኬቶቿ ቀጥ ብለው ወጥተው ቀጥ ብለው ወደቁ። ወደ ላይ መውጣት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው የገባት ቆይቶ ነው፤ ሮኬቱ ወደ ጎን መታጠፍና በጣም መፍጠን አለበት፤ ያኔ ወደ ምድር እየወደቀ ሳለ ምድርን ይስታትና ዝም ብሎ ይዞራል። ይህ የገባት ቀን በደስታ ስትጮኽ ጨርቅ የሚመርጡት ሴትዮ ክው አሉ። የክፍል ጓደኛዋ ወንዳወቅስ ምን ሠራ? ቀለም መረጠ። ቀይ።

ታዲያ የእሱ ስም እንዴት ተጻፈ? መምህር ክንፈሚካኤል ጌሙን አይተው «የማን እጅ ነው ይሄ? ጎበዝ!» ሲሉ፣ ሉባባ አንገቷን ደፋ አድርጋ «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ምን ሠርቼ! ወንዳወቅ ነው እንጂ» አለች። ሰው ሲያደንቅሽ እንዲህ ነው የሚባለው፤ እናቷ ያሳደገቻት እንዲሁ ነው። ከዚያ ሌላው ደግሞ «ኧረ እሷ ናት!» ይላል። ወንዳወቅ ግን ጫማውን እያየ ዝም አለ። የውድድሩ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ መምህሩ የእሱን ስም ጻፉ።

በማግስቱ ሄዳ እውነቱን ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ትናንት በአፍሽ የመሰከርሽውን ዛሬ ልትውጪው? ምቀኝነት ደግ አይደለም፣ ልጄ።»

ምቀኛ! እሷ! ቦታውን ከማጣቷ ይልቅ ይሄ አንገበገባት።

«እኔ እኮ አልዋሸሁም» አለ ወንዳወቅ አሁን። «ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም።

«ቲቸር ቢሯቸው አሉ» አለችው። «አሁኑኑ ሄደህ ማን እንደሠራት ንገራቸው። ቦታውን ያዘው፣ ግን ንገራቸው። ከዚያ አሳይሃለሁ፣ ወላሂ።»

ወንዳወቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል፣ ሉቢ። አሁን ምን ብዬ...»

«ተወው በቃ።» ወጣች።

ምን እንደጎደለው ታውቃለች። አስፋልቱ ላይ የቀደመህን ባጃጅ ለመድረስ መፍጠን ነው፤ እዚያ ላይ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ስትፈጥን ምሕዋርህ ከፍ ይላል፣ ዙሩ ይረዝምብሃል፣ ትቀራለህ። ፍጥነት ስትቀንስ ዝቅ ትላለህ፣ ዙሩ ያጥራል፣ ትደርሳለህ። ይህን ለማወቅ እሷ ስንት መንኮራኩር አቃጥላለች!

ግቢውን እያቋረጠች ሳለ ወንዳወቅ በመስኮት ጮኸ። «ሉባባ! አንድ ነገር ብቻ! ልጨምር ወይስ ልቀንስ?»

ቆመች። መልሱ አንዲት ቃል ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ነገ ያቺ ቀይ መንኮራኩር ዳኞች ፊት ርቃ ርቃ ስትጠፋ ታያት፤ የገዛ መንኮራኩሯ። እንባዋ መጣ።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ወደ ውጭው በር መንገዷን ቀጠለች።