ጋሼ እስኪመልስ

«ስሚኝ እሳት፣ ዛሬ የምትመጣዋ ሲስተር ከጠየቀችሽ ሦስት ቃል ናት። ‹ደህና ነበር፣ እናመሰግናለን።› በቃ! ከዚህ በላይ አንዲት ፊደል እንዳትጨምሪ።»

እናቷ ይህን የምትለው በአንድ እጇ ሻሿን እያሰረች፣ በእግሯ ደግሞ አልጋ ሥር የገባ ጫማዋን እየጎተተች ነበር። የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ናት፤ ቀኑ የአንሶላ ቀን ነው፤ ረፍዶባታል።

«ደህና አልነበረማ!»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«የጋሼ ብብት ውስጥ ግን ምላጭ ገባበት!»

እናቷ ጫማውን ትታ ቀና አለች። «ኮንትራቴ ሊታደስ ነው። የቁስል ክፍሏ ነርስ ደግሞ የኃላፊው ቀኝ እጅ ናት። በእናትሽ፣ ጉሮሯችንን እንዳትዘጊ» አለችና ወጣች።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። «እሳት» ያለቻት አክስቷ ናት፤ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት ከሐኪም ጋር ስለተጨቃጨቀች። ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፣ እሷም አላሳፈረችውም። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሁን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ለብሶ፣ መንገዱን ያያል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ሐኪሞች «የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት» ይላሉ። እቤት ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋሼን «ሻይ ትጠጣለህ?» ብትሉት መልሱ የሚመጣው እናንተ ጠጥታችሁ፣ ብርጭቆውን አጥባችሁ፣ ወሬ ከቀየራችሁ በኋላ ነው። ግን ይመጣል። ጥያቄውን «አይደል?» ብላችሁ ከጨረሳችሁት ደግሞ ሳያስብ «አዎ» ይላችኋል፤ «ዝሆን ነህ አይደል?» ብትሉትም አዎ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ስለ እሱ መመለስ ለመደ። ከሁሉም በላይ እሳት ለመደች። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያመው፣ እንቅልፉ እንደመጣና እንዳልመጣ የምትናገረው እሷ ናት።

ከሁለት ወር በፊት ብብቱ ሥር እባጭ ወጣበትና ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። የቁስል ክፍሏ ነርስ ጋሼን ቀና ብላም አላየችውም። «የት ነው የሚያመው?» ብላ የጠየቀችው እሳትን ነው።

«እሱን ቢጠይቁት ይመልሳል፤ ትንሽ ይቆያል እንጂ» አለቻት እሳት።

«እና እኔ እሱን ስጠብቅ ልዋል? እሱ ምን ያውቃል?»

ከዚያ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛው ተጠሩ። ሹራቡን በአንገቱ ገፈው አወጡት። ሁለቱ እጆቹ ተያዙ፣ እግሩ ተያዘ። ምን ሊደረግ እንደሆነ አንድም ሰው አልነገረውም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ለካ ለተረት ብቻ አይደለም። የጋሼ ጩኸት እስከ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ተሰምቶ እናትየው አረፋ ባረፋ በሆነ እጇ እየሮጠች መጣች፤ ስትደርስ ግን ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ቁስሉ ዳነ። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሹራቡን አላወልቅም አለ። ለብሶት ይተኛል፣ ለብሶት ይነሳል፤ ገላውን እንዲታጠብ ማድረግ የዓለም ጦርነት ሆኗል። እሳት ሹራቡን ባየች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል። ከነርሷ ጋር በሐሳቧ ያልተጣላችበት ቀን የለም። አሁን ደግሞ ስለዚያች ሴት «እናመሰግናለን» በይ ተባለች!

በሩ ተንኳኳ።

የመጣችው ወጣት ሴት ነርስ ናት፤ የምትሠራውም እዚያ ጤና ጣቢያ አይደለም። ለጥናት ነው የምትዞረው። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ሲታመሙ ነርሶች እንዴት እንደሚይዟቸው ከራሳቸው አንደበት ሰምታ፣ የሰማችውን ለነርስ ተማሪዎች ማስተማሪያ ልታደርገው ነው። እናትየው ፈቅዳለች፤ የጤና ጣቢያው አለቆች የላኳትን ሰው እምቢ ማለት ፈርታ።

ሲስተሯ መጀመሪያ ሰላም ያለችው ጋሼን ነው። ወንበር ቀርቦላት እያለ ትንሿን በርጩማ ስባ ከእሱ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። የድምፅ መቅረጫውን እጁ ላይ አኖረችለት። «ይህ የምትናገረውን ይይዛል። ስምህን አልጽፍም። ካልፈለግክ ‹አቁሚ› በለኝ፤ አቆማለሁ» አለችው። መቅረጫውን እያገላበጠ እስኪያየው ጠበቀችና ጠየቀችው። «ብብትህን ያመመህ ጊዜ፣ ጤና ጣቢያ ምን ሆነ?»

«ደህና ነበር፣ እናመሰግናለን» አለች እሳት። ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት።

«ያንቺንም በኋላ እሰማለሁ» አለች ሲስተሯ ፊቷን ከጋሼ ሳትመልስ።

ዝምታው ረዘመ። ውጭ አንድ ሰው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። እሳት ተቁነጠነጠች። ጋሼ አፉን ከከፈተ እውነቱን ነው የሚያወጣው፤ መዋሸት አያውቅበትም። እውነቱ ከወጣ ደግሞ ነርሷ ትሰማለች፣ ኃላፊው ይሰማል፣ የእናቷ ኮንትራት ገደል ይገባል።

«ሲስተር፣ አይመልስልዎትም እኮ። እኔን ይጠይቁኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

«አቦ! ጊዜዎን ነው የሚያባክኑት! እሱ ምን ያውቃል?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ያቺ ነርስ ያለችው ነው፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ሁለት ወር ሙሉ ስትረግመው የከረመችውን ቃል፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ወንድሟ ፊት ደገመችው። ፊቷ ጋለ። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ዞሮ መጥቶ ራሷ ላይ ተቀመጠ እንጂ።

ጋሼ መቅረጫውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሹራቤን ወሰዱ» አለ።

ሲስተሯ በርጩማዋን ጠጋ አደረገች።

«አልነገሩኝም።» ቆየ። «ጮህኩ።»

«አብሮህ ማን ነበር?»

እሳት በልቧ «በል ንገራት! ጥራት ያቺን ሴት!» አለች፤ የእናቷን ማስጠንቀቂያ ለአፍታ ረስታው። ጋሼ ግን ቀስ ብሎ ዞረና እሷኑ አያት።

«እሷ። እግሬን ያዘች።»

«ያዢው ስላለችኝ ነዋ!» ብድግ ብላ ጮኸች። «‹ከተንቀሳቀሰ ምላጩ ይጎዳዋል› አለችኝ! ምን ላድርግ? ልተወው? አንተን ብዬ እኮ ነው!»

ጋሼ ጆሮውን በእጆቹ ደፈነ። እሳት ወደ ጓዳ ገባችና ባዶውን ጀሪካን በእርግጫ ብላ ግድግዳ ላይ አላተመችው። ነርሷን ጠላቻት። እናቷን ከነዝንቧ ጠላቻት። የጋሼን ቁርጭምጭሚት ይዘው የነበሩትን ሁለት እጆቿን ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ጠላቻቸው። «እሺ አይዞህ» ትለው ነበር እየያዘችው። እሱ ሲራገጥ እሷ ታጠብቅ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ወሬውን ባወራች ቁጥር «ያዙት» ነበር የምትለው፣ ‹ያዝነው› ብላ አታውቅም። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋም የንዴት ነበር።

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ የውጭው በር ተከፈተ። እናቷ የምሳ ሰዓቷን ሰርቃ መጥታ ነው። የልጇን ፊት አየች፣ መቅረጫውን አየች፣ ገባት።

«ተናገረ?»

«ተናገረ» አለች ሲስተሯ። «ስም የለበትም። ግን ማንም አይገምትም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሊገምት ይችላል። ካልፈለጋችሁ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ያጥፉት። በማርያም ሲስተር፣ ያጥፉት።» እናትየው ወደ ጋሼ ጎንበስ አለች። «ይጥፋ አይደል የኔ ጌታ? ይጥፋ አይደል?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። «አ…»

«እማ!» አለች እሳት። «እሱ እንደዚያ አይጠየቅም። ‹አይደል› ካልሽው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ!»

«አንቺ ዝም በይ! እናንተን ማን ያበላችኋል?»

«አላውቅም» አለች እሳት። እውነትም አታውቅም ነበር፤ ፈርታለች። ግን ሄዳ በጋሼ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሩን ልትነካ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ጋሼ፣ የተናገርከው ይጥፋ? ወይስ ሰዎች ይስሙት?»

ዝም አለች። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ዝምታ አልነበረም። ምላሷ ላይ አሥር መልስ ተሰልፏል። እናቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳት ዞር ብላ አየቻት። ቁጣ ያለበት፣ ልመናም ያለበት አስተያየት ነበር። እናትየው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሰበሰበ። ጋሼ የሹራቡን እጅጌ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

«ይስሙት» አለ በመጨረሻ። ገና አልጨረሰም ነበር፤ ሁሉም ጠበቁት። «መጀመሪያ ይንገሩኝ። ከዚያ ይንኩኝ።»

እናትየው በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። «እኔ እኮ ሮጬ ነው የመጣሁት፤ ደርሼ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ያጥፉት የሚለውን ግን አልደገመችውም።

ሲስተሯ ወደ እሳት ዞረች። «ያንቺን ልስማ?»

እሳት አፏን ከፈተች። የቁስል ክፍሏ ነርስ ያለችው፣ ዘበኛው፣ ምላጩ፣ እግሩን የያዘችው እጅ፣ ሁሉም ሊወጣ ደርሷል። ግን የሆነው በእሱ ገላ ላይ ነው። መናገሯን ተወችና ወንድሟን ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ ያደረግኩትን ልናገር?»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳት ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደግፋ ጠበቀችው።