የእግር ውኃ

በ፲፱፻፶፮ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ ከወጨጫ ተራራ የወረደው ጉም ኮልፌን አልብሶ፣ ከገበያው በላይ ካለው ከፊታውራሪ ሀብተማርያም ባለ ፎቅ ቤት ጭስ ማውጫው ብቻ ይታይ ነበር። ጭሱ የባሕር ዛፍ ነው፤ እሳቱ ግን ለወጥ አልነደደም። በምድር ቤቱ ቦይለር የሚሉት ትልቅ የብረት ጋን ውኃ ያግላል፤ የጋለው ውኃ ቀልሎ በቱቦ ወደ ፎቅ ይወጣል፤ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር በቆሙት ራዲያተሮች ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ይሰጥና፣ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ሞተር አያሻውም፤ አንዴ የተሞላው ውኃ ያው ራሱ ሲዞር ይከርማል።

ይህን የነደፈው ኢንጂነር ጉልላት ተክለማርያም ነበር። ባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የሰማው መልስ አንድ ነው፤ “ጎበዝ ነህ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ግን ፈረንጅ ይሥራው።” ልጁን ለማስተማር ገንዘብ አፍስሶ፣ ተምሮ ሲመጣ የማያምነው መንግሥት ምን ይባላል? ጉልላት ይህንኑ በየሹማምንቱ ፊት ይጠይቅ ነበርና፣ ከሥራ ይልቅ ጠላት አፈራ። ያመኑት ፊታውራሪ ብቻ ናቸው።

“ወለተጻድቅ ክረምቱን ሁሉ በቁርጥማት ስታቃስት ታድራለች” አሉት ስለ ባለቤታቸው፤ “ሥራልኝ። ካልሠራም ብረቱን ለማረሻ አደርገዋለሁ።”

የጤና ጥበቃ ምክትል ሚኒስትሩ አቶ ዱባለ ቅዳሜ መጥተው ሊያዩ ቀጠሩ። ፎቁ ሞቆ ከተገኘ፣ አዲስ የሚታነጸው የሆስፒታል ክፍል ማሞቂያ ለጉልላት ይሰጣል፤ ካልሞቀ ለውጭ አገር ኩባንያ። ሐሙስ ዕለት ፎቁ እንደ ዋሻ ቀዘቀዘ።

ጉልላት ቱቦዎቹን ሞልቶ የሚይዘውን፣ ጣሪያ ሥር ያለውን ገንዳ ከፍቶ ቢያይ ባዶ ነው፤ ውኃው ጎድሎ መዞሩን አቁሟል። አስሞላው፤ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰ፤ አንድ ጠብታ የለም። እሳት በሚያነደው በጉታ ላይ ጮኸበት።

“አንተ ነህ የምትነካካው!”

“እኔ የማውቀው እንጨቴን ነው ጌታዬ። ውኃውን የሚጠጣው ብረትዎ ነው፤ እንደ በሬ!”

እኩለ ቀን ላይ የቤቱ ንስሐ አባት፣ አባ ወልደ አማኑኤል፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ረግጠው ደረሱ። ብርቅዬ የምትባለው ገረድ ሳፋ አቅርባ እግራቸውን አጠበች። አባ እግራቸውን ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት።

“ልጄ፣ በጭቃ ገብቼ በዝገት ወጣሁ እኮ!”

ጉልላት ሳፋውን አየ። ውኃው ብረት ለብረት ሲዞር የከረመ፣ ቡናማ ውኃ ነው።

“ይህን ከየት ቀዳሽ?”

“ከቦይለሩ ሥር ካለችው ቧንቧ።”

“እሷ እኮ ለጥገና ጊዜ ማራገፊያ ናት! ስንት ጊዜ ቀዳሽ?”

“እንግዳ በመጣ ቁጥር ነዋ። የዚህ ቤት እንግዳ መች ያልቃል?”

“አዋረድሽኝ! በእግር እጣቢ አዋረድሽኝ!”

“ቀኑን ሙሉ ሲፈላ የሚውል ውኃ ከሥሬ እያለ መንገደኛ በቀዝቃዛ ልጠብ? እርስዎ በተማሩበት አገር ሰው እግሩን አይታጠብም?”

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከመከዳቸው ሳቁ።

“ተዋት ጉልላት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። የእኔ ጉልበት ሞቆ የእንግዳዬ እግር ይቀዝቅዝ?”

በጉልላት ንድፍ ውስጥ የሚተኛም የሚበላም ሰው ቦታ ነበረው፤ ከጭቃ የሚገባ እንግዳ ግን አልነበረም። ፈረንጅ አያስፈልገንም ብሎ አገር ያወከው ሰው፣ ኮልፌ ላይ የፈረንጅ ቤት ነድፎ ኖሯል! ቁጣው ወደ ራሱ ዞረ፤ እጅጌውንም ሰበሰበ። ከጉታ ጋር አንድ በርሜል አጥበው፣ የተረፈውን የመዳብ ቱቦ እንደ እባብ ጠምጥመው በውስጡ ዘረጉ፤ ጫፎቹን ከቦይለሩ መስመር ጋር አጋጠሙ። የቦይለሩ ውኃ በመዳቡ ውስጥ ያልፋል፤ በዙሪያው የተሞላው የጉድጓድ ውኃ ሳይቀላቀለው ይሞቃል። ጉልላት ገንዳውን እንደገና አስሞልቶ፣ የማራገፊያዋን እጀታ ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ አቶ ዱባለ በጭቃ ጫማ መጡ። ብርቅዬ ከበርሜሉ ቀድታ፣ ጥርት ባለ ለብ ያለ ውኃ እግራቸውን አጠበች። ፎቅ ወጥተው ራዲያተሩን በመዳፋቸው ነኩና ፈጥነው ሳቡ።

“የየትኛው ኩባንያ ነው?”

“የኮልፌ” አሉ ፊታውራሪ።

አቶ ዱባለ ስቀው ወደ ጉልላት ዞሩ። “አንተ ቁጡ፣ ሆስፒታሉን ያዝ። ያችን በርሜል ግን እንዳትረሳ።”

ሥራው ተጠናቆ ክፍሉ በተመረቀ ማግሥት ጋዜጣው ሪባን የቆረጡትን መኳንንት በየማዕረጋቸው ዘረዘረ፤ የጉልላት ስም አልነበረም። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉትም ከሹመት ደብዳቤና ከአዋጅ አልፈው በክረምት ማን ማንን እንዳሞቀ አልጠየቁም፤ ጥፋቱ የታሪክ ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ነው። ጉልላት ግን በምረቃው ሰሞን፣ ውርጭ በወረደበት ማለዳ ክፍሉን ሊጎበኝ ገብቶ፣ ከወለደች ገና ያላደረች አንዲት እናት ብርድ ልብሷን በእግሯ ገፍታ ተኝታ አገኛት። እንዳይቀሰቅሳት በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።